የወንድሜ የቀኝ እጅ ጥፍር

ባለፈው ሳምንት የጫማዬ ሶል ተላቀቀ። አዲስ መግዛት ነበረብኝ፤ ግን ገና ያገለግላል ብዬ ሱፐር ግሉ የሚባለውን ማጣበቂያ ገዛሁ። ጋራዡ በር ላይ ያለው ደረጃ ላይ ተቀምጬ የቱቦዋን ጫፍ በመርፌ በሳሁት። ሽታው ወጣ። ያ አፍንጫ የሚቆነጥጥ፣ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ። ጫማውን አስቀመጥኩት። እናቴ ከውስጥ «በሩን ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ገባ» እስክትል ድረስ እዚያው ቆየሁ።

የወንድሜ ሽታ ነው። ሌላ ሰው ወንድሙን በሽቶው ያስታውስ ይሆናል፣ ወይም በጃኬቱ። እኔ ቢኒን የማስታውሰው በሱፐር ግሉ ነው።

ቢኒ ያለፈው መስከረም አረፈ። ስለ ሕመሙ አልጽፍም። ስለ ሆስፒታሉም አልጽፍም። መጻፍ የፈለግኩት ስለ አንድ ዊንተር ብቻ ነው። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር፣ እሱ አሥራ ስድስት። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ማርቲንዴል ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ከመሬት በታች ያለው ቤዝመንት ውስጥ አንድ ክፍል እንጋራ ነበር። በዚያ ዊንተር ወንድሜን አንድ ጊታር ወሰደብኝ። ያኔ የማስበው እንደዚያ ነበር። አሁንም… አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም።

ጊታሩን የገዛለት አባባ ነው። አባባ ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን ያጸዳል፤ ከሥራ ባልደረባው ነው የገዛው። ልጁ ከስልኩ ላይ ዓይኑን እንዲያነሳ ብሎ ነበር። ቢኒ ግን ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፎ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ሁለቱንም ያዘ። ስልኩ ውስጥ የስፔን ሰዎች አገኘ። ፍላሜንኮ የሚባል ሙዚቃ ይጫወታሉ። ከዚያ የቀኝ እጁን ጥፍር ማሳደግ ጀመረ። የቀኙን ብቻ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አባባ አንድ ቀን እራት ላይ።

«ጥፍር ነው።»

«ጥፍር መሆኑንማ አየሁ። የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ አባባ። ለጊታሩ ነው። ፍላሜንኮ በጥፍር ነው የሚመታው።»

«የሚሸጥ ፕላስቲክ ነገር የለውም እንዴ? ሰዎች ሲይዙ አይቻለሁ።»

«እሱ ፒክ ነው። ለፍላሜንኮ አይሆንም። ሁሉም ጣት ነው የሚሠራው። ላይክ፣ እያንዳንዱ ለብቻው።»

አባባ ወደ እማዬ ዞረ። «ልጅሽ በአንድ እጁ ሙሽራ ሆኗል» አላት። እማዬ ሳቋን ለመደበቅ ወጥ ጨመረችለት።

እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥፍሬን ትቆርጥልኝ ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስለምንሄድ ነው። ሶፋው ላይ ናፕኪን ዘርግታ እጄን ትይዛለች። አንድ ሳምንት እኔም ለማሳደግ ወሰንኩ። ቅዳሜ ሲደርስ እጄን ኪሴ ከተትኩት።

«አምጣ እጅህን።»

«የሱስ?»

«የሱ ለሥራ ነው።»

«የኔም ለሥራ ነው።»

«ለምን ሥራ? አፍንጫህን ለመቆፈር?»

ቢኒ ከኪችኑ ሳቀ። እማዬ እጄን ከኪሴ አውጥታ ቆረጠችው። ያኔ ችሎታው ጥፍሩ ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። ጣቶቹ እንደዚያ የሚፈጥኑት ጥፍሩ ስለሚገፋቸው ነው ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ እማዬ በየሳምንቱ የኔን ችሎታ በናፕኪን ጠቅልላ ትጥለዋለች፤ የሱን ትተውለታለች። እንዲህ ነበር የገባኝ።

ካልጋሪ አየሩ ደረቅ ነው። በዊንተር ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ጥፍር ይሰነጠቃል፣ ጊታርም ይሰነጠቃል። ቢኒ አንድ የሳሙና ማስቀመጫ በመርፌ በሳስቶ፣ ውስጡ እርጥብ ስፖንጅ ከትቶ፣ ጊታሩ ሆድ ውስጥ ያስገባ ነበር።

«ይጠማታል» ይለኛል። ጊታሩን «እሷ» ነበር የሚላት።

እኔ ውሃ ሲጠማኝ «ኪችኑን ታውቀዋለህ» ነበር የሚለኝ።

ጥፍሩ ሲሰነጠቅ ደግሞ ሱፐር ግሉ ነው። አንድ ጠብታ ያንጠባጥብና ስስ ወረቀት ያለብሰዋል፤ ሲደርቅ በጥፍር ሞረድ ያለሰልሰዋል። ክፍላችን በሙሉ ያንን ይሸት ነበር። አልጋ ልብሴ ሳይቀር።

በስልኩ የሚያያቸው ሰዎች ስም አልያዝልህ አለኝ። እኔው ስም አወጣሁላቸው። አንዱ «ሽማግሌው» ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሰውየው ሙሉ ልብስ ለብሶ ጊታሩን ወደ ጣሪያው አቁሞ ይይዘዋል። ፊቱ መርዶ የሰማ ሰው ፊት ነው። ጣቶቹ ብቻ ናቸው ያልሰሙት። ሁለተኛው «ባለ አውራ ጣቱ» ነው። ወፍራም ገበሬ ይመስላል፤ ሌሎቹን ጣቶች ረስቷቸው በአውራ ጣቱ ብቻ ክሩን ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ እንደገና ወደ ታች ይመታዋል። ሦስተኛው «ቀጭኑ» ነው። እግሩን አነባብሮ ጊታሩን ጭኑ ላይ ያስተኛዋል። ዓይኑን ይጨፍንና ሁለት ጣቶቹ አንድ ክር ላይ ይሮጣሉ። ከሱ በኋላ የመጣው ሁሉ እንደሱ እግሩን አነባብሮ ነው የሚቀመጠው፣ ይለኝ ነበር ቢኒ።

«ድሮ ጊታር ለብቻዋ አትሰማም ነበር» አለኝ አንዴ። «ዘፋኙ ይዘፍናል፣ ዳንሰኛዋ ትደንሳለች፣ ጊታሪስቱ ጥግ ላይ ሆኖ እነሱን ይከተላል። እነ ሽማግሌው ናቸው ለብቻዋ መድረክ ላይ ያወጧት።»

«ዘፋኙስ?»

«ዘፋኙ ምን?»

«ጥግ ላይ ቀረ?»

«ኪሩ፣ አንተ ደግሞ።»

እኔ ግን ለዘፋኙ አዝኜ ነበር።

ቪዲዮው ውስጥ ሰዎች መሀል ላይ ይጮሃሉ። ሰውየው እየተጫወተ እያለ ከጎኑ የተቀመጡት ያፈጡበትና አንድ ቃል ይወረውሩበታል። የሚሰድቡት መሰለኝ። እማዬም ከላይ «ማነው እዛ ታች የሚጣላው?» ብላ ትጣራለች። ቢኒ ግን ጎበዝ፣ በርታ ማለታቸው ነው አለኝ። ለአንድ ሰው በርታ ማለት እንደዚያ በቁጣ ፊት መሆኑ ገረመኝ።

ቢኒ እነዚያን ሰዎች የሚያይበት ዓይን… እኔ እሱን የማይበት ዓይን ነበር። ይሄን ያኔ አላወቅኩም። ያኔ ያወቅኩት እኔን እንደዚያ አይቶኝ እንደማያውቅ ብቻ ነው።

ከዚያ የሰዓቱ ነገር መጣ።

ኪችናችን ውስጥ ሁለት ሰዓት አለ። ምድጃው ላይ ያለው የካናዳ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ክብ ሰዓት የእማዬ ነው፤ የሚሄደው በሐበሻ አቆጣጠር ነው። አባባ «ሁለት ሰዓት እንሄዳለን» ሲል እማዬ «በማን?» ትለዋለች። እኛ በዚያ ነው ያደግነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቢኒ ጠረጴዛው ላይ ስልኩን ይዞ ይነጫነጫል። እኔ ሲሪያል እበላለሁ።

«ሜክስ ኖ ሴንስ» ይላል። «አንድ ዙር አሥራ ሁለት ምት ነው። እሺ። ግን ከአሥራ ሁለት ነው የሚጀምሩት። አሥራ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። ከመጨረሻው እንዴት ይጀመራል?»

«አሥራ ሁለት መጨረሻ አይደለም» አልኩት።

«እሺ፣ ፕሮፌሰር።»

«ሲነጋ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሲክስ፣ ሰቨን፣ እኔ እንጃ።»

«በእማዬ።»

ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። «አሥራ ሁለት» አለ።

«ከዚያስ?»

ስልኩን አስቀመጠው። ወንበር ስቦ ወጣበትና ጣቱን ሰዓቱ መስታወት ላይ አደረገ። የሚመታባቸውን ቦታዎች ነካ፦ አሥራ ሁለት ላይ፣ ሦስት ላይ፣ ስድስት ላይ፣ ስምንት ላይ፣ አሥር ላይ። ከዚያ ተመልሶ አሥራ ሁለት። እኔም አየሁት። መጀመሪያ ረጅም ረጅም እርምጃ ነው፤ ከስድስት በኋላ ያጥራል፤ ሰው ወደ ቤቱ ሲቃረብ እንደሚፈጥነው።

«ማን ነገረህ?» አለኝ ከወንበሩ ላይ ሆኖ።

«ማንም። ሰዓቱ ነዋ።»

ያን ጊዜ አየኝ። በዚያ ዓይን። ብዙ አልቆየም፤ ግን አየኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ አገኘሁ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ የልብስ ቅርጫቱን ደፍቼ እሱ ላይ። እሱ ይመታል፣ እኔ አጨበጭባለሁ። ጭብጨባው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጯኺ ነው፤ የቀኝ እጅህን ጣቶች ግራ መዳፍህ ላይ ታሳርፋለህ። ሌላው ድፍን ነው፤ ሁለቱንም መዳፍ ጎድጎድ ታደርጋለህ። ሰው ሲጫወት ድፍኑን ነው፤ አለበለዚያ ትሸፍነዋለህ። አብረን የምንቆጥረው በአማርኛ ነበር፤ የእማዬ ሰዓት ስለሆነ። «አሥራ ሁለት» ግን ፈጠን ሲል በአንድ ምት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ጭራውን ቆረጥነው። «አሥራ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» መዳፌ እስኪቀላ ነበር የማጨበጭበው። እማዬ ከሺፍት ስትመለስ ታይና «ይሄን ልጅ ምን አስነካኸው?» ትለው ነበር። እኔ ግን ቅላቱን ለክፍል ጓደኞቼ ሳይቀር አሳይ ነበር።

እስከ ገና ድረስ ደስ የሚል ጊዜ ነበር።

ከገና በኋላ ቢኒ አስተማሪ አገኘ። አንቶኒያ የሚባሉ የስፔን ሴት ናቸው፤ ስድሳ የሚሆናቸው። ዋይትሆርን በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው የማይርቅ ቤት ውስጥ ያስተምራሉ። እማዬ ስማቸውን እንዲሁ መጥራት ከልክላን ነበር።

«እትዬ አንቶኒያ በሉ።»

«እማዬ፣ እሳቸው እኮ አይገባቸውም» አለ ቢኒ።

«እሳቸው ባይገባቸው እኔ ይገባኛል።»

ስለዚህ እትዬ አንቶኒያ አልናቸው። ምን ማለት ነው ብለው ጠየቁ፤ ሲነገራቸው ወደዱት። ስልክ ሲደውሉ ራሳቸው «እትዬ አንቶኒያ ነኝ» ማለት ጀመሩ።

እማዬና አባባ ሺፍት ላይ ስለሚሆኑ ቢኒ እኔን ይዞኝ ይሄዳል። ቤታቸው የነጭ ሽንኩርትና የአሮጌ ምንጣፍ ሽታ አለው። ሶፋው ላይ ተቀምጬ አያለሁ። እትዬ አንቶኒያ ብዙ አያመሰግኑም። «ትከሻህ የት ሊሄድ ነው?» ይሉትና ትከሻውን ወደ ታች ይጫኑታል። ጣቶቹን አንድ በአንድ እየዘረጋ ክሮቹን ሁሉ ሲጠርግ ይደናቀፋል። «እጅህ ርሷል እንበል» ይሉታል፤ «ውሃውን አራግፈው። ጣቶችህ ይሂዱ፣ እጅህ ይቅር።» ቢኒ አየር ላይ ያራግፋል። እኔም ሶፋው ላይ ሆኜ አራግፋለሁ። የሚያየኝ ግን አልነበረም።

ማቴዎ የልጃቸው ልጅ ነው። ከቢኒ ጋር እኩያ ነበር፤ ጆሮው ላይ ሎቲ አለው። የመጀመሪያ ቀን ፖም እየገመጠ ከኪችን መጣ፤ ፖሙን አስቀመጠና ሳይቀመጥ፣ እንደ ቀልድ፣ ማጨብጨብ ጀመረ። እኔ ምቱ ላይ ነበር የማጨበጭበው። እሱ በምቶቹ መሀል ነበር የሚገባው፤ ቢኒ ባዶ በሚተወው ቦታ። ሁለቱ ተደምረው አንድ ሦስተኛ ነገር ሆነ። ቢኒ መሀል ላይ ሳቀ። ከደስታ ሲሆን የሚስቀው፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥበት ሳቅ። እኔ ቅርጫቴ ላይ ሆኜ ያንን ሳቅ አስቄው አላውቅም።

«ሊትል ማንም ይሞክር» አለ ማቴዎ። ስሜን ተነግሮታል። «ሊትል ማን»፣ ትንሹ ሰውዬ፣ ነው የሚለኝ።

ሞከርኩ። ቀስ ሲል ጥሩ ነበርኩ። እትዬ አንቶኒያ ጠረጴዛውን በጣታቸው አጥንት እየመቱ አፈጠኑት። ያኔ እጄ ከኔ አመለጠ። ራሱ ወደሚያውቀው ሄደ። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ሲገቡ ሰው የሚያጨበጭበውን ማጨብጨብ ጀመርኩ፤ ትከሻዬም ተከተለው። ማቴዎ ሳቀ። ቢኒም ሳቀ።

«አትሳቁ» አሉ እትዬ አንቶኒያ። «ጥሩ ጭብጨባ ነው። የኔ አይደለም እንጂ። ከየት አመጣኸው?»

«ከሠርግ» አልኩ።

«ሊትል ማን ሊድረን ነው» አለ ማቴዎ ቢኒን አቅፎ።

ባቡሩ ላይ መስኮቱን እያየሁ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆንክ?» አለኝ ቢኒ።

«ምንም።»

«ኪሩ።»

«ምንም አልኩህ።»

«እየቀለደ ነው እኮ።»

«አንተ ለምን ሳቅክ?»

«ያስቃላ። ትከሻህን ብታየው።» ከዚያ ፊቴን አይቶ ተወው።

እትዬ አንቶኒያ ተማሪዎቻቸውን ለኮንሰርት እያዘጋጁ ነበር። በስፕሪንግ፣ በኮሙኒቲ አዳራሽ። ቢኒ ቡሌሪያ የሚባለውን ፈጣኑን ሊጫወት ነው። መድረኩ ላይ ሁለት ወንበር ይሆናል፤ አንዱ የሱ፣ አንዱ የሚያጨበጭብለት ሰው። ይሄን ከሰማሁ ጀምሮ ያንን ወንበር አስብ ነበር። ነጭ ሸሚዜን ሁሉ መርጬ ነበር።

«ኮንሰርቱ ላይ ማነው የሚያጨበጭብልህ?» አልኩት ባቡሩ ላይ።

«እትዬ አንቶኒያ ማቴዎ ይሁን አሉ።»

«አንተስ?»

«ቡሌሪያ ፈጣን ነው፣ ኪሩ። እሱ ከተወለደ ጀምሮ ነው የሚያጨበጭበው።»

«ሰዓቱን ያሳየሁህ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

አውቃለሁ ብቻ። ካወቀ ወንበሩን የማይሰጠኝ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ጣቢያችን ስንደርስ ከሱ ቀድሜ ወረድኩ።

ከዚያ ማቴዎ ቤታችን መምጣት ጀመረ። ለልምምድ ነው። ቤዝመንት ወርዶ ዙሪያውን አየና የልብስ ቅርጫቱን ደፍቶ ተቀመጠበት። ማንም አላሳየውም። ራሱ ነው ያገኘው። እማዬ ስሙን ወዲያው አቃናችው። «ማቴዎስ፣ ብላ እንጂ፣ አጥንት ብቻ ነህ» እያለች ጉርሻ ታጎርሰዋለች። እሱም አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። በሁለተኛው ቀን «አመሰግናለሁ» ማለት ለምዶ መጣ። እማዬ ለአንድ ሳምንት ስለዚያ አወራች። እኔ አመሰግናለሁ ማለት ከቻልኩ ስንት ዓመቴ ነው፤ ማን አወራልኝ?

የኮንሰርቱ ሳምንት በረዶ ጣለ። በካልጋሪ በስፕሪንግም ይጥላል። ከዚያ በፊት ቺኑክ የሚባለው ሞቃት ነፋስ ነፍሶ አቅልጦት ነበር፣ እማዬም እሱ ሲነፍስ እንደሚሆነው ራሷን አሟት ሻሽ አስራ ተኝታ ነበር፤ ከዚያ በአንድ ቀን ተመልሶ ነጭ ሆነ። የእግረኛ መንገዱን መጥረግ የኔና የቢኒ ሥራ ነው። እሱ ጓንት አድርጎ ይጠርጋል፤ ጥፍሩ ጓንቱ ውስጥ ሆኖም ይጠነቀቃል። አካፋው ከሥር የቀዘቀዘ በረዶ መታና ቆመ፤ እጁ ሸርተት አለ። ጓንቱን አወለቀ። የአውራ ጣቱ ጥፍር እስከ ሥሩ ተሰንጥቋል።

አልጮኸም። በረዶው ላይ ቁጭ አለ። ለፍላሜንኮ አውራ ጣት ከሌለህ ምንም የለህም።

ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። አዘንኩ ብልም ውሸት ነው።

አባባ ከኤርፖርት ሲመለስ ቢኒ ኪችን ውስጥ፣ ከሰዓቱ ሥር፣ ጣቱን ይዞ ተቀምጧል። አባባ የሥራ ሰደርያውን እንኳ አላወለቀም።

«አሳየኝ» አለው።

አሳየው። ይቆጣኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፣ ይመስለኛል።

«ምን ያስፈልገዋል?»

«የፒንግ ፖንግ ኳስ» አለ ቢኒ። «በጥፍር ልክ ተቆርጦ በግሉ ይለጠፋል። እትዬ አንቶኒያ ነግረውኛል። ግን እኔ በግራ እጄ መቁረጥ አልችልም።»

ኳስ የነበረኝ እኔ ነኝ። አንድ ብቻ። ሁለቱም ወደኔ ዞሩ።

«አምጣት» አለ አባባ።

አመጣኋት። አባባ መነጽሩን አድርጎ በእማዬ ትንሽ መቀስ ቆረጣት። ቁራጯን ለክቶ፣ እንደገና ቀንሶ፣ ሞርዶ፣ የቢኒን አውራ ጣት በሁለት ጣቱ ያዘው። የአባባ እጅ በጽዳት ኬሚካል የሻከረ ነው። እንደዚያ ቀስ ብሎ ነገር ሲይዝ አይቼው አላውቅም። ግሉውን አንጠባጠበ። ሽታው ተነሳ።

«ኪሩቤል፣ ንፋበት።»

ጎንበስ ብዬ ነፋሁ። አባባ ጣቱን ሳይለቅ ረጅም ጊዜ ያዘው። እኔ እየነፋሁ የማስበው፣ አባባ የኔን እጅ እንደዚህ ይዞ ያውቃል ወይ ብዬ ነበር። መንገድ ስንሻገር ብቻ ነው ያስታወስኩት። ለዚያውም መዳፌን ሳይሆን የእጄን አንጓ ነው የሚይዘው።

«በቃ፣ ሙሽራዬ» አለው አባባ ሲጨርስ። «ተኳልክ።»

ቢኒ ሳቀ፣ ከዚያ እንባው መጣ፣ ከዚያ እንደገና ሳቀ። ከኳሴ የተረፈው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ጎኑ የተበሳ ኳስ። ማንም አላነሳውም። እኔ አነሳሁት።

ኮንሰርቱ ላይ በእማዬና በአባባ መሀል ተቀመጥኩ። ነጩን ሸሚዝ ለብሼ ነበር። መድረኩ ላይ ሁለት ወንበር አለ። ማቴዎ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ አንዱ ላይ ተቀመጠ። ቢኒ እንደ ቀጭኑ እግሩን አነባበረ፣ ጊታሩን አስተኛ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ።

እማዬ ጉልበቴን ያዘች። «አየኸው?» አለችኝ በሹክሹክታ። «እየጸለየ ነው። የኔ ልጅ።»

«ይጸልይ» አለ አባባ። «ያቺን ጥፍር ያጽናለት።»

እኔም የሚጸልይ መሰለኝ።

ጀመረ። ሰው ሁሉ የማቴዎን እጅ ያያል፤ እኔ አውራ ጣቱን ነበር የማየው። ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። መብራቱ ሲያርፍበት ጥፍሩ ከሌሎቹ ነጥቶ ብልጭ ይላል። ኳሴ ናት። ከኔ ነገር መድረኩ ላይ የወጣው እሷ ብቻ ናት። ትውደቅ ብዬ ተመኘሁ። ወዲያው ደግሞ እንዳትወድቅ ተመኘሁ። እማዬ ሳያልቅ እንዳታጨበጭብ ስላለችኝ እጆቼን ጭኔ ሥር ከትቼ ተቀምጬባቸው ነበር፤ ከሥሬ ግን ጣቶቼ ይቆጥሩ ነበር። አሥራ፣ አንድ፣ ሁለት። አንድም ምት አልሳትኩም። ማንም አላየኝም።

ጥፍሯ አልወደቀችም። ሲጨርስ ሰዉ ጮኸ፤ አባባ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ቢኒ ወደኛ አየ። እኔ እጄ ደንዝዞ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት ሁሉ እዘለዋለሁ። ቢኒ ትምህርቱን ጨረሰ፣ ሥራ ያዘ፣ ከቤት ወጣ። ከማቴዎ ጋር ምግብ ቤቶች ውስጥ ይጫወቱ ነበር። እኔ ማጨብጨብ ተውኩ።

የቢኒ ሠልስት ቀን ማቴዎ መጣ። ሱፉ ይሰፋዋል። የጊታሩን ሳጥን ይዟል፤ ጊታሩ እሱ ጋ ነበር የቀረው። ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። በሩ አጠገብ የነበሩ አንዲት ትልቅ ሴት «ለቅሶ ቤት ጊታር?» አሉ ነጠላቸውን እየሳቡ።

«የልጄ ነው» አለች እማዬ። «ይግባ። ና፣ ማቴዎስ።»

መጥቶ እኔ አጠገብ ተቀመጠ። ሳጥኑን ጉልበታችን ላይ አጋደመው፤ ግማሹ የሱ ጉልበት ላይ፣ ግማሹ የኔ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ፣ የመጀመሪያው ኮንሰርት ትዝ ይልሃል ወይ አለኝ።

«ትዝ ይለኛል።»

«ሊጀምር ሲል ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እስከ መጨረሻው እንደዚያ ነበር። ምን እንደሚል እሰማው ነበር፣ አጠገቡ ስለሆንኩ።» ከዚያ በአማርኛ አለው፣ በሱ ምላስ። «አሥራ፣ አንድ፣ ሁለት።»

አሥራ። ያቺ የኛ ነበረች። ቅርጫት ላይ ተቀምጬ እኔና ቢኒ ጭራዋን የቆረጥናት። እሷንም ሰጠው፣ አልኩ በልቤ። ወንበሩን ሰጠው፣ ቅርጫቱን ሰጠው፣ እሷንም።

«ለብዙ ዓመት ትዌልቭ በአማርኛ አሥራ ይመስለኝ ነበር» አለ ማቴዎ። «ለአንድ ሐበሻ ታክሲ ሹፌር ብያለሁ። አሥራ ስንት? አለኝ።»

ሳላስበው ሳቅኩ። ትልቋ ሴት ዞር ብለው አዩን።

«ለምን በእንግሊዝኛ አትቆጥርም አልኩት አንዴ» አለ። «በእንግሊዝኛ ይጠፋብኛል አለኝ። ያስተማረኝ ወንድሜ ነው፤ መድረክ ላይ ስፈራ ኪችን ውስጥ ነኝ ብዬ አስባለሁ፤ እሱ ሲሪያል ይበላል፤ ከዚያ እጀምራለሁ። እንደዚያ አለኝ።»

ይሄን የሰማው ማቴዎ ነው። ቢኒ በሕይወት እያለ፣ ከአፉ፣ ምናልባት እየሳቀ፣ ማቴዎ ነው የሰማው። እኔ ከማቴዎ ሰማሁት። አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን «መቼ ነው እንደዚያ ያለህ?» ነው።

«አላስታውስም» አለ። «ብዙ ጊዜ ይለው ነበር።»

ለቅሶ ቤት አይጨበጨብም። ማቴዎም ያውቃል፤ እኛ ቤት ነው ያደገው ማለት ይቻላል። በአንድ ጣቱ ሳጥኑን መታ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ከኔ በቀር የሚሰማ አልነበረም። በምቶቹ መሀል መሀል ብቻ ነበር የሚመታው። ምቶቹን ባዶ ተዋቸው። ትንሽ ጠበቅኩ። ከዚያ በኔ በኩል ባለው የሳጥኑ ጫፍ፣ አሥራ ሁለት ላይ ገባሁ።

ጊታሩን ትቶልኝ ሄደ። አሁን አልጋዬ አጠገብ ናት። የሳሙና ማስቀመጫው አሁንም ሆዷ ውስጥ ነው፤ ስፖንጁን አረጥበዋለሁ። መጫወት አልችልም። እትዬ አንቶኒያ አርጅተዋል፣ ማስተማር ትተዋል። ማቴዎ ላሳይህ ይለኛል፤ እስካሁን እሺ አላልኩትም።

በዚህ ቅዳሜ እማዬ ሶፋው ላይ ናፕኪን ዘረጋች። ቢኒ ከሞተ ወዲህ ጀምራዋለች፤ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ግን ዝም እላታለሁ።

«አምጣ እጅህን።»

ግራዬን ሰጠኋት፤ ቆረጠችው። ቀኜን ሰጠኋት። መቁረጫውን አስጠግታ ቆመች። ጥፍሮቼን በአውራ ጣቷ አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። የአውራ ጣቴ ጫፍ ትንሽ ተሰንጥቋል፤ በሱፐር ግሉ ለጥፌዋለሁ። ጫማውን ሳይሆን እሱን። አፍንጫዋ ጋ አቅርባ አሸተተችው።

«ለሥራ ነው?» አለችኝ።

«ለሥራ ነው።»

መቁረጫውን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ናፕኪኑን ጠቀለለችው። ውስጡ የአንድ እጅ ጥፍር ብቻ ነበር።